የተተኮሰው ደረሰኝ

መምህሩ የቁንዶን ክላሰር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ አይጥ በጭራዋ እንደያዘ ሰው ፊቱን ዞር አድርጎ፣ "ይኼ ምንድን ነው?" አላት።

"የቤታችን ደረሰኝ ነዋ።"

"ደረሰኝ? እኔስ ላም አመንዥካ የተፋችው መስሎኝ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቁንዶ አልሳቀችም። ሰፈሩ ቁንዶ ያላት በምክንያት ነው፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ኩርምት ያለች፣ ጥርስ ላይ ሲይዟት ግን እንባ የምታስመጣ ልጅ ናት።

መምህሩም ስም አለው። ሴቶቹ ነጥቤ ይሉታል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጀርባው። ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሰማያዊው ለመጻፍ፣ ቀዩ ነጥብ ለመቀነስ። ሰማያዊው ዓመት ይበቃዋል፣ ቀዩን ግን ቶሎ ቶሎ ይገዛል። ማሠልጠኛው ስፌት፣ ፀጉር ሥራና የልብስ ንጽህና በሚማሩት ሴቶች ሁሉ ላይ "የግል ገንዘብ አያያዝ" የሚል ትምህርት በግድ ጨምሮባቸዋል። በጀት ማውጣት፣ ገቢን ከወጪ መለየት፣ ደረሰኝን በቀን በቀኑ ደርድሮ ማስቀመጥ። ይህን የሚያስተምረው እሱ ነው።

እውነት ለመናገር ትምህርቱ ክፉ አልነበረም። "ገንዘብ እንግዳ ነው፤ ሲገባ ስሙን ካልጠየቃችሁት፣ ሲወጣ አይሰናበታችሁም" ይላቸዋል። አንድ ቀን የቁንዶ ጓደኛ፣ ፀጉር ሥራ የምትማረዋ፣ እጇን አውጥታ "መምህር፣ ገቢ የሌለው ሰው ምን ይጻፍ?" አለችው።

"ወጪውን።"

"ወጪም ከሌለው?"

"እንግዲያው ሞቷል ማለት ነው። ተቀመጪ።"

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሊወዱት ሲያስቡ ቀዩን እስክሪብቶ ያወጣል።

የዚያ ቀን ሥራ የቤተሰብን እውነተኛ ደረሰኝ ደርድሮ ማምጣት ነበር። ቁንዶም ቀኑን ጠብቃ፣ ቁጥሩን ጽፋ፣ ክላሰሩን ራሱ ከሌላ ሰው ለምና አምጥታለች። የሠራችው ሁሉ ልክ ነበር። ወረቀቶቹ ግን ተጨማደዋል።

"የተጨማደደ ወረቀት፣ የተጨማደደ ሐሳብ" አለ ነጥቤ። "በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ነጥብ።" ቀዩ ሮጠ። ሲጨርስ ከሃያው የተረፈላት አራት ነበር። "ነገ አስተካክለሽ ካመጣሽ እንደገና አየዋለሁ።"

"በምን ላስተካክለው? ወረቀት ነው እኮ።"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። በጀትሽ ውስጥ ጭንቅላትም አለ።"

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ቁንዶ ክላሰሯን አቅፋ ወጣች። መንገዱን በሙሉ ትላልቅ መልሶች አገኘች፤ ቀድሞ የመጣላት ግን አንድም አልነበረም። ሰውን የሚያቃጥለው ይኼ ነው፤ ጥሩ ጥሩው ስድብ ሁልጊዜ የሚመጣው በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

ደረሰኞቹ ተራ ደረሰኞች አይደሉም። እናቷ ላውንደሪ ውስጥ ተኳሽ ናት። ጠዋት ትተኩሳለች፣ ከሰዓት ታጥባለች። ሳሙናው ጣቶቿን ስለላጠው ሳንቲም ከመሬት ማንሳት ያቅታታል፤ የሱሪ መስመር ስታወጣ ግን በመስመሩ ጢም መላጨት ይቻላል። ከዓመት በፊት አንድ ነገር ቆርጣ ተነሳች። ያገለገለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታ፣ ቤቷ አስቀምጣ፣ የራሷን ደንበኛ መያዝ። የሰው ልብስ ለሰው ማጠቧን ትታ፣ የሰው ልብስ ለራሷ ማጠብ።

ማሽኑን ያገኘችው ቅናሽ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁን ሰው ሁሉ ቅናሽ ይለዋል፤ መስኮቱ ላይ "ታላቅ ቅናሽ" የሚል ጽሑፍ ከለጠፈ ፀሐይ ፊደሉን እስክታነጣው ቆይቷል፣ ዋጋ ግን ቀንሶ አያውቅም። የቅናሽ ደንብ እንዲህ ነው፦ ዕቃው እሱ ዘንድ ይቆማል፣ ገዢው በየወሩ ይከፍላል፣ ከፍሎ ሲጨርስ ይወስዳል። በየክፍያው የሱቁ የደረሰኝ ማሽን ስስ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ትር ትር አድርጋ ትተፋለች። የቁንዶ እናት ወረቀቱን ተቀብላ እጥፍጥፍ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ትከታለች። ከዚያ ወደ ማጠቢያ ማሽኑ ሄዳ አቧራውን በመሀረቧ ትጠርግና በሩን ከፍታ ትዘጋለች። ቅናሽ አንዴ "ኧረ እህቴ፣ ሙሽራ አስመሰልሽው" ብሏታል።

ስምንት ጊዜ ከፍላለች። የቀረው አንድ ነው፤ የሚከፈለውም ነገ። ደረሰኞቹ የተጨማደዱት በላቧ ነው። ነጥቤ ላም አመንዥካ የተፋችው ያለው ያን ነበር፤ ቁንዶን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቁንዶ እንደ ወትሮው ከእናቷ ጎን ተኩስ ጠረጴዛ ላይ ቆመች። ጠዋት ጠዋት ላውንደሪው ውስጥ ትሠራለች፣ ከሰዓት ትማራለች። የሸሚዙ ክምር ሲያልቅ፣ ካውያው ገና ትኩስ ነበር። ክላሰሩን ከፈተች።

እዚህ ላይ ማንም ሰው ሞኝ እንዳይላት። ሐኪም የታመመ ሲያይ መርፌ ያስባል፣ አናጢ የተነቀለ ሲያይ መዶሻ ያስባል። የተጨማደደ ነገር ያየች የተኳሽ ልጅ ምን ታስብ? በሥርዓቱ ነው የሠራችው። ካውያውን ለሐር በሚሆነው ሙቀት ዝቅ አደረገች። ስምንቱን ወረቀት እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ጎን ለጎን ደረደረች። ነጭ ጨርቅ ከላይ አለበሰች። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ፣ ሳትቆም፣ እናቷ እንዳስተማረቻት ተጫነችው።

ምንም አልሸተተም። ክፋቱ ይኸው ነው። ተኳሽ ዓይኗን አታምንም፣ አፍንጫዋን እንጂ፤ ጨርቅ ሊቃጠል ሲል ይናገራል። ይኼ ወረቀት አልተናገረም። ቁንዶ ጨርቁን ስታነሳው ስምንቱም ወረቀቶች ቀጥ ብለው፣ ለስልሰው፣ አንድ መስመር ሳይኖርባቸው ተኝተው ነበር። ከዳር እስከ ዳር ደግሞ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ቀኑ የለም። ገንዘቡ የለም። የማሽኑ ቁጥር የለም።

አንዱን ገለበጠች። ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። ተፋችበትና በአውራ ጣቷ አሸችው። ምንም።

"ምን ሆነሽ ነው ወደ ላይ ወደ ታች የምትዪ?" አለች እናቷ ዓይኗን ከሱሪው ሳታነሳ።

ቁንዶ ወረቀቶቹን ይዛ ሄዳ እናቷ ፊት አኖረቻቸው። እናቷ አየቻቸው፤ አንድ በአንድ አነሳቻቸው፤ በተላጠው ጣቷ ዳበሰቻቸው። ከዚያ ካውያዋን ነቀለች። አልጮኸችም። ሱሪውን አጠፈች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ቦርሳዋን ያዘች።

"እማዬ፣ እኔ እኮ..."

"ተነሺ።"

"እሱ ነው እኮ መጨማደድ የለበትም ያለው፣ ያ..."

"ተነሺ ነው ያልኩሽ።"

ቅናሽ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። አንዲት ሴትዮ ማራገቢያ ትመርጣለች።

"ወንድሜ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ይኸው አመጣሁ። ማሽኔን ልወስድ ነው" አለች እናቷ።

"እሰይ። ደረሰኞቹን አምጪያቸዋ።"

እናቷ ስምንቱን ጥቁር ወረቀት ባንኮኒው ላይ ደረደረች። ቅናሽ ጎንበስ ብሎ አያቸው።

"ይኼ ምንድን ነው እህቴ? የለቅሶ ጥሪ ነው?"

"ልጄ ተኮሰችው።"

"ምን አደረገችው?"

"ተኮሰችው። በካውያ።"

ቅናሽ ሳቀ። ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ማራገቢያ የምትመርጠው ሴትዮም አብራ ሳቀች። ቁንዶ የሳቁትን ሰዎች ሁሉ በልቧ ዘረዘረቻቸው፤ ከትናንት ጀምሮ ዝርዝሩ ረዝሟል።

ሳቁ ሲያልቅለት ቅናሽ በመፋቂያው ግድግዳውን አሳየ። እዚያ በካርቶን ላይ "ደረሰኝ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል" ተብሎ ተጽፏል።

"አታውቀኝም እንዴ? በየወሩ እየመጣሁ ባንተው እጅ አይደለም የከፈልኩት?" አለች እናቷ።

"ፊትሽን አውቀዋለሁ። ፊት ግን ደረሰኝ አይደለም። አየሽ፣ ዛሬ የውሉ መጨረሻ ቀን ነው። ሱቅ እስክዘጋ ስምንቱ ክፍያ ካልተረጋገጠ ውሉ ይፈርሳል፤ ማሽኑም በአዲሱ ዋጋ ይሸጣል። ዋጋ ጨምሯል፤ እኔ አይደለሁም የጨመርኩት።"

"የከፈልኩትስ?"

"የቱን የከፈልሽውን?"

ቁንዶ ፈነዳች።

"ያቺ የደረሰኝ ማሽንህ ሁለት ወረቀት ነው የምትተፋው። አንዱ ለኛ ነው፣ ቀሪው ያንተ ነው። ያንተን አውጣ።"

"እርስዎ በይ" አለች እናቷ ከጥርሷ መሐል።

"ያንተን ያውጡ" አለች ቁንዶ።

ቅናሽ ተነስቶ የጓዳውን በር በእግሩ ገፋው። ጆንያ በጆንያ ላይ ተከምሯል፤ በየጆንያው አፍ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት እንደ አንጀት ተዘርግፏል። "ያውልሽ ቀሪው። የራዲዮውም፣ የምድጃውም፣ የፍሪጁም፣ ያንቺም እዚያ ነው። ማን ይለየዋል? እኔ ጊዜ የለኝም። አንቺ ብቻሽን ብትፈልጊ፣ እስክታገኚው ታረጂያለሽ።"

"ካገኘሁትስ?" አለች እናቷ።

"ካገኘሽው ቃሌ ነው፣ እቀበላለሁ። ሰው ይስማ።"

"ሰምቻለሁ" አለች ማራገቢያ የምትመርጠው ሴትዮ።

እናቷ ወደ ጓዳው ገብታ የመጀመሪያው ጆንያ ሥር ተቀመጠች። አንድ ጥቅል አነሳች። ስሱ ወረቀት ከተላጠ ጣቷ ሾልኮ ወደቀ። እንደገና አነሳችው፣ እንደገና ወደቀ። ቁንዶ ያን አይታ ጥቁሮቹን ወረቀቶች ከባንኮኒው አፍሳ ከሱቁ ወጣች፤ ሮጠች ማለት ይሻላል።

ክፍል ስትገባ ትምህርት ተጀምሯል። ነጥቤ ከሰሌዳው ሳይዞር "ዘግይተሻል። አንድ ነጥብ" አላት።

ቁንዶ መሐል ለመሐል አልፋ ስምንቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ይኸው መምህር። መጨማደድ የለባቸውም።"

ነጥቤ ዞረ። አንዱን አነሳ፣ ገለበጠ። "ምን ሆነው ነው?"

"ተተኩሰው። ሁለት ሁለት ነጥብ እንዳይቀነስ።"

የሆነች ልጅ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ቁንዶ ሁሉንም ነገረችው፤ ማሽኑን፣ ቅናሽን፣ የውሉን መጨረሻ። እየነገረችው ድምጿ ከፍ አለ፣ ዝቅ ሊል አልቻለም። ነጥቤ እጁን አነሳ።

"ቆይ፣ ማን ተኩሺ አለሽ? እኔ ደርድሪ አልኩ እንጂ..."

"አትተኩሺ ያለኝስ ማን ነው? ከመስከረም ጀምሮ ስለ ደረሰኝ ነው የሚያወሩት። ቀኑ በዚህ፣ ቁጥሩ በዚያ፣ ቀዳዳው ከዳር በስንት ጣት ይበሳ። ይኼ ወረቀት ሙቀት እንደማይችል አንድ ቀን ተናግረዋል?"

"መጽሐፉ ላይ የለም።"

"እርስዎ ያውቁ ነበር ወይ ነው ያልኩት።"

ነጥቤ ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣና መልሶ ሰካው። "አውቅ ነበር" አለ።

"እና?"

"ማን ደረሰኝ ይተኩሳል ብዬ ላስብ?"

"ተኳሾችን እያስተማሩ ነው እኮ ያሉት።"

ከኋላ ወንበር የልብስ ንጽህና የሚማሩት ሴቶች ቀና ብለው ያዩት ነበር። ነጥቤ ፊቱ ቀልቷል። ሊያባርራት ይችላል፤ ቁንዶም ልትባረር ተዘጋጅታለች፤ ያልተናገረችው ብዙ ነው የተረፋት። እሱ ግን ጥቁሩን ወረቀት አስቀምጦ፣ "ቀሪው የት ነው?" አላት።

"ጆንያ ውስጥ።"

"ተደርድሯል?"

"ጆንያ ውስጥ ነው እኮ ያልኩዎ።"

ነጥቤ ሰሌዳው ላይ ጀምሮት የነበረውን ሠንጠረዥ በክንዱ አጠፋው። "ደብተራችሁን ዝጉ" አለ። "የተግባር ፈተናው ዛሬ ነው።"

ቅናሽ ከመንገዱ ማዶ ሲመጡ ሲያያቸው መጀመሪያ ገበያ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር። ሴቶቹ ተግተልትለው ገብተው ጓዳው ሲሞላባቸው፣ ፍሪጆቹ መሐል መሬት ላይ ሲዘረጉ ፈገግታው ወለቀ።

"ምንድን ነው ይኼ? ሱቅ ነው እኮ ይኼ፣ ትምህርት ቤት መሰላችሁ?"

"ሰው ይስማ ብለዋል" አለች ቁንዶ። "ሰው አመጣሁልዎ።"

ነጥቤ ኮቱን አውልቆ ፍሪጅ ላይ ሰቀለ። ቁንዶ ልትጠላው ወስና ነበር፤ ሥራው ላይ ሲያዩት ግን ለመጥላት ትንሽ ያስቸግራል። ለቁንዶ ቢተውላት ጆንያዎቹን ሁሉ በአንዴ ትዘረግፍ ነበር፤ እሱ ከለከላት። አንድ ጆንያ ብቻ። ከያንዳንዱ ጥቅል የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን ቀን ብቻ አንብቡ፣ ሌላ አትዩ። የአምናው ወደ በሩ፣ የዘንድሮው ወደ መስኮቱ። ከዚያ ወር በወር፣ ለየወሩ አንዲት ልጅ። ከዚያ ደግሞ በዕቃው ቁጥር። የማሽኑን ቁጥር ቁንዶ ከማሽኑ ጀርባ ቀድታ ለሁሉም ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

"የማነው ይኼ በየሳምንቱ አምፖል የሚገዛው ሰውዬ?" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "አምፖል ይበላል እንዴ?"

"ቀኑን ብቻ ነው ያልኩት" አለ ነጥቤ።

"ቀኑን ሳነብ አምፖሉ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ምን ላድርግ።"

የመጀመሪያውን ያገኘችው ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። "ይኼ ቁጥር አይደለም?" አለችና ወረቀቱን ዘረጋች። ቀኑ አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ቁጥሩ አለ። የቁንዶ እናት ተቀብላ አየችው፤ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም፣ መሀረቧ ላይ አኖረችው። ከዚያ ሌላ ተገኘ። ሌላ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ በሩ እስክትሻገር ድረስ መሀረቡ ላይ ሰባት ደረሰ። ቅናሽ ሰባቱን እያየ መፋቂያውን እያኘከ ጨረሰው።

ስምንተኛውን ወረቀት፣ የስድስተኛውን ወር ክፍያ፣ አጡ።

የዚያን ወር ጥቅል ያገኘችው ራሷ ቁንዶ ናት፤ ከመጨረሻው ጆንያ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠው። ፈታችው። ጥቁር። ተጨማሪ ፈታች። ጥቁር፣ እስከ መጠቅለያ እንጨቱ ድረስ። እጇን ግድግዳው ላይ አደረገች፤ ግድግዳው ይፋጃል። ከበስተጀርባው ዳቦ ቤት ነው፤ ምድጃው ከዚህ ግድግዳ ጋር ተጋፍቷል።

ቁንዶ ጥቅሉን ጎትታ ባንኮኒው ላይ ጣለችው። ከጎኑ የራሷን ጥቁር ወረቀት አስቀመጠች።

"የእኔን እኔ ተኮስኩት። የእርስዎን ማን ተኮሰው?"

ቅናሽ አየ። "ሰባት ነው የተገኘው" አለ። "ስምንተኛው የለም። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ..."

"ያንን ካርቶን ደግመው እንዳያነቡልኝ።"

"ደንብ ነው ልጄ።"

"እኔ ሳጠፋ ደንብ ነው፣ እርስዎ ሲያጠፉ ምንድን ነው? እናቴ አምስተኛውን ከፍላ ሰባተኛውን ከፍላ መሐል ላይ ያለውን ዘለለችው? ቢዘለል ዝም የሚሉ ሰው ነዎት እርስዎ? አንድ ቀን ያሳለፈን ሰው በሩ ድረስ የሚጣሩ?"

"ጮክ አትበይብኝ።"

"ጮኬ አይደለም ገና።"

"በቃሽ" አለች እናቷ።

"አልበቃኝም። ሌባ ነው። ዋጋ ስለጨመረ ነው እንጂ..."

"በቃሽ አልኩ።" እናቷ ድምጿን አላነሳችም፤ እሷ ካውያም ሲግል ድምፅ እንደማያወጣ የምታውቅ ሴት ናት። ወደ ቅናሽ ዞረች። "ወንድሜ፣ የኔንም አቃጥለናል፣ ያንተም ተቃጥሏል። የዚያን ወር ግማሹን ደግሜ እከፍልሃለሁ። ግማሹን አንተ ተወው።"

"ለምን እተወዋለሁ?"

ነጥቤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሻጭ ቀሪውን በደህና ቦታ ይይዛል፣ ገዢም ደረሰኙን በደህና ቦታ ይይዛል። ሁለቱም አልያዙም። እኔ ቢሆን ከሁለቱም ነጥብ እቀንስ ነበር።"

"አንተ ደግሞ ማነህ?"

"አስተማሪዋ።"

"ታዲያ ደህና አድርገህ አታስተምራትም ነበር?"

ነጥቤ ያቺን ቃል ዋጣት። ቁንዶ ሲውጣት አየችው።

ፀጉር ሠሪዋ ከመሬት ሳትነሳ ጀርባዋን ፍሪጁ ላይ ደገፍ አደረገች። "ይወስኑ እንጂ ጋሼ፣ ለኛ ችግር የለም። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላል።" ማንም ተነሺ አላላትም፤ ሌሎቹም አልተነሱም። ከየጥቅሉ እየመዘዙ የሰው ሒሳብ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንዷ "ይኼ ፍሪጅ ለአንዷ በዚህ ዋጋ፣ ለሌላዋ በዚያ ዋጋ ነው እንዴ የተሸጠው?" አለች። በሩ ላይ ራዲዮ ሊገዛ የመጣ ሰው ቆሞ ያዳምጥ ጀመር።

"ግማሹን" አለ ቅናሽ። "ግማሹን አምጪና ወረቀቴን መልሱልኝ።"

እናቷ የመጨረሻውን ክፍያና ግማሹን ቆጥራ ሰጠችው። ግማሹ ከየት እንደመጣ ቁንዶ አወቀች፤ ከቤት ኪራዩ ነው። ቅናሽ ወደ ደረሰኝ ማሽኗ እጁን ሲዘረጋ ቁንዶ ቀደመችው።

"በሱ አይደለም። በእጅዎ ይጻፉ። በእስክሪብቶ።"

"እስክሪብቶ የለኝም።"

ነጥቤ ከኪሱ አወጣ። አሰበና ቀዩን መልሶ ሰማያዊውን ሰጠው። ቅናሽ ጻፈ፦ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል። ቁንዶ አንብባ መለሰችለት። "የማሽኑ ቁጥር የለበትም። የትኛው ማሽን? ቀኑም የለም።" ቅናሽ እንደገና ጻፈ። ፈረመ። ማህተሙን እንደ ጥፊ አሳረፈበት።

ማሽኑን የተሸከሙት ሴቶቹ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ሁለት ሆነው። ነጥቤ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ የውሃውን ቱቦ እንዳይጎተት ይዞ ከኋላ ተከተለ። መንገዱ ዳገት ነው። ፀጉር ሠሪዋ "ሙሽራው ከባድ ነው" ስትል ሌሎቹ ሳቁ፤ መሳቅ ደግሞ አያሠራም፣ ማሽኑ ተንገዳገደ።

ቁንዶ አልሳቀችም። አሁንም ትቃጠላለች። ለቅናሽ ያልተናገረችው፣ ለነጥቤ ያልጨረሰችው፣ ለራሷ ያልጀመረችው ንግግር ሁሉ ገና ምላሷ ላይ ነው።

"ግማሹ ከደሞዝሽ ይቆረጣል" አለች እናቷ ከማሽኑ በወዲያ በኩል።

"ከኔ? ከኔ ለምን? መጀመሪያ እሱ ያልነገረኝ፣ ቀጥሎ ያ ሰውዬ ጆንያውን ምድጃ ላይ ያስደገፈ፣ ከዚያ..."

"ካውያውን የያዘው ማን ነበር?"

ቁንዶ መልሷን አዘጋጅታ ነበር፤ ረጅም፣ ጥሩ መልስ፣ እንደ ትናንትናው ከበር መዘጋት በኋላ የመጣ ሳይሆን ገና በሩ ክፍት ሳለ የደረሰ። ወደ ኋላ ዞራ ነጥቤን አየችው፤ ቱቦውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ዳገቱን ያለከልካል። ወደ እናቷ ጣቶች አየች፤ የማሽኑን ጠርዝ የያዙት በጥፍራቸው ነው፣ ቆዳው አይይዝም።

"እኔ ነኝ" አለች። አሞት የተፋች ይመስል ነበር።

"እንግዲያው ይቆረጣል።"

"ግን እኮ ግማሹም ቢሆን እሱ..."

"ግን የሚባል የለም። ባንቺ በኩል አዘንብሏል፣ ቀና አድርጊው።"

ቁንዶ ትከሻዋን ከሥሩ አስገብታ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቀና አደረገችው።